ፋይሉ ሲፈጠር ይከፈታል፣ ዳግም ሲከፈት ኤርኖ 13፤ በኤፍ-ኮንትሮል የተያዘው ሎክም ይጠፋል

ባለተርሚናሏ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የደረሰኝ ተራ ቁጥር የሚሰጥ በሲ የተጻፈ ሰርቪስ አለ። ኡቡንቱ ላይ ነው የሚሠራው፣ ፋይል ሲስተሙ ኤክስት4። ዋናው ፕሮሰስ «ተራ» የሚባለውን ፋይል ይከፍትና በፎርክ (ፕሮሰስን በሚያባዛው ጥሪ) 4 ልጆች ይወልዳል። ፋይሉ ውስጥ ያለው 8 ባይት ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ቁጥር። እያንዳንዱ ልጅ ሎክ (ሌላው እንዳይገባ የሚያግድ ቁልፍ) ይይዛል፣ ያነባል፣ 1 ይደምራል፣ ይጽፋል፣ ይለቃል። ከዚህ ሌላ በሌላ ዩዘር የሚሠራ የሪፖርት ፕሮግራም አለ፤ ሁለቱም ዩዘሮች «ሒሳብ» በሚባል ግሩፕ ውስጥ ናቸው።

ሦስት ነገር አልገባኝም።

አንደኛ፣ ኦፕን ላይ ኦ_ክሪኤት (ከሌለ ፍጠር) እና ኦ_አርዲደብልዩአር (ለማንበብና ለመጻፍ) ሰጥቼ ሦስተኛው አርጊውመንት 664 ነው። ፋይሉ ገና በሌለበት ሰርቪሱ ሲነሣ ሁሉም ደህና ነው። አቁሜ ሳስነሣው ግን ኦፕን -1 ይመልሳል፣ ኤርኖ (የስሕተት ቁጥሩ) 13፣ ማለትም ፈቃድ የለም። ስታት የፋይሉን ፈቃድ 1210 ይላል። ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሆኜ ሳስነሣው ይሠራል። ዩማስክ (ፋይል ሲፈጠር ከፈቃዱ ላይ የሚነሡት ቢቶች) 022 ነው።

ሁለተኛ፣ በኤፍ-ኮንትሮል ጥሪ፣ ሎኩ እስኪገኝ በሚጠብቀው ኤፍ_ሴትኤልኬደብልዩ፣ የመጻፍ ሎክ እየያዝኩ፣ ኤፍ-ኮንትሮልም 0 እየመለሰ፣ አልፎ አልፎ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። ምናልባት ከጠቀመ፦ ከመጻፉ በፊት የሚጠራ «አረጋግጥ» የሚል ፈንክሽን አለ። ፋይሉን በኤፍ-ኦፕን ከፍቶ ቁጥሩ አለመበላሸቱን አይቶ በኤፍ-ክሎዝ ይዘጋዋል።

ሦስተኛ፣ ልጁ የማተሚያውን ፕሮግራም በኤግዜክ ሲያስነሣ ዲስክሪፕተሩ (የተከፈተው ፋይል መያዣ ቁጥር) አብሮ እንዳይሻገር ፍላግ በሚቀይረው ኤፍ_ሴትኤፍኤል ላይ ኦ_ክሎኤግዜክ (በኤግዜክ ጊዜ ዝጋ) ሰጠሁ። 0 መለሰ። ግን የፕሮሰሶች መረጃ በሚታይበት /ፕሮክ ስር ሳየው ማተሚያው አሁንም ይዞታል። እዚያው ላይ ፍላጎቹን የሚያነበው ኤፍ_ጌትኤፍኤል 32770 መለሰልኝ፤ 2 ነበር የጠበቅኩት።

ስምንት_ቤት፦

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። 664 ብለሽ የጻፍሽው ፊቱ ላይ ዜሮ የለውም። በሲ ቋንቋ ፊቱ ዜሮ የሌለው ቁጥር በአስር ቤት ነው የሚቆጠረው፤ የፋይል ፈቃድ ደግሞ የሚነበበው በስምንት ቤት ነው። 664 ወደ ስምንት ቤት ሲዞር እንዲህ ነው፦ አንድ 512፣ ሁለት 64፣ ሦስት 8፣ ትርፍ 0። ማለትም 01230። ከዚያ ላይ ዩማስክ 022 ሲነሣ የግሩፑ 3 ወደ 1 ይወርድና 01210 ይቀራል። ስታት ያሳየሽ ራሱ ነው።

አሁን 1210ን አንብቢው። ፊት ያለው 1 ስቲኪ ቢት ነው፣ ለተራ ፋይል ምንም አይሠራም። 2 ለባለቤቱ መጻፍ ብቻ፤ ማንበብ የለውም። 1 ለግሩፑ ማስኬድ ብቻ። ለሌላው 0። የራሱ የፋይሉ ባለቤት ሊያነበው አይችልም፤ ስለዚህ ለማንበብና ለመጻፍ ልክፈት ሲል 13 ይመጣል። ሩት የፈቃድ ቢቶችን አልፎ ስለሚገባ አይነካውም። ለዚህም ነው በሩት እየሞከሩ ፈቃድን መፈተሽ ሰውን የሚያሳስተው።

መጀመሪያ ላይ ለምን ሠራ? ኦፕን ፋይሉን ራሱ ሲፈጥረው፣ የሰጠሽው ፈቃድ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ኦፕን ነው። ፈጣሪው ጥሪ የጠየቀውን ዲስክሪፕተር ያገኛል፣ ፈቃዱ 0 እንኳ ቢሆን። «ሲፈጠር ይሠራል፣ ሲነሣ እምቢ ይላል» የሚል ነገር ሲገጥምሽ መጀመሪያ የምታዪው ይህን ነው። ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፤ ለእሱ 664ም 0664ም ትክክለኛ ቁጥር ናቸው። ሦስተኛውን አርጊውመንት ጭራሽ የረሳ ደግሞ የባሰ ላይ ይወድቃል፤ ሬጅስተሩ ላይ የተረፈው ቁጥር ፈቃድ ይሆናል፣ በየሩጫውም ሊለዋወጥ ይችላል።

ኮዱን 0664 ብለሽ ብታስተካክዪ ያለው ፋይል አይስተካከልም። ፋይሉ ካለ ኦፕን ሦስተኛውን አርጊውመንት ከነጭራሹ አያየውም። አንዴ በችሞድ በእጅ ማስተካከል አለብሽ።

ሌላ ነገር፤ 0664 ብትጪም በዩማስክ 022 የሚወጣው 0644 ነው፣ ግሩፑ መጻፍ አይችልም። የግድ 0664 ከፈለግሽ ፋይሉን እንደፈጠርሽ ኤፍ-ችሞድ ጥሪ፤ እሱን ዩማስክ አይነካውም። ኤፍ-ችሞድ የሚፈቀደው ግን ለባለቤቱ ወይም ለሩት ነው። በሌላ ዩዘር ከተጠራ ኤርኖ 1 ነው የሚመልሰው፣ 13 አይደለም። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ መያዝ ብዙ ሰዓት ያድናል፦ 13 ቢቱ ሲከለክል፣ 1 ደግሞ ሥራው የባለቤት ሲሆንና አንቺ ባለቤት ሳትሆኚ።

ከርነል_በር፦

0664 ለምን አስፈለገ? የሪፖርቱ ፕሮግራም ይጽፋል ወይስ ያነባል ብቻ?

ባለተርሚናሏ፦

ያነባል ብቻ። 0664 ያልኩት በልማድ ነው።

ከርነል_በር፦

እንግዲያው 0640 አድርጊው። ከ022 ጋር የሚጋጭ አንድም ቢት የለውም፤ 0640 ገብቶ 0640 ይወጣል። ኤፍ-ችሞድም ዩማስክ መለወጥም ቀረ። ዩማስክን ባትነኪው ደግሞ ደስ ይለኛል፤ የመላው ፕሮሰስ ስለሆነ አንድ ትሬድ ሲቀይረው ሌላው ትሬድ በዚያች ቅጽበት የሚፈጥረው ፋይልም ይቀየራል።

የሚቀረው ግሩፑ ነው። አዲስ ፋይል የሚወርሰው የፈጣሪውን ዋና ግሩፕ ነው፣ ሒሳብን አይደለም። ስለዚህ ፋይሉ ያለበትን ዳይሬክተሪ ግሩፑን ሒሳብ አድርገሽ ፈቃዱን 2750 ስጪው። ፊት ያለው 2 ሴትጂአይዲ ነው፤ ውስጡ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ የዳይሬክተሪውን ግሩፕ እንዲይዝ ያደርጋል። የግሩፑ 5 ውስጥ ያለው የማስኬድ ቢት ለዳይሬክተሪ የመተላለፊያ ፈቃድ ነው። ከሥሩ ጀምሮ በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ዳይሬክተሪ እንኳ ይህ ቢት ከጎደለው፣ የፋይሉ ፈቃድ ምንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን 13 ይመጣል።

ዩዘሩን ወደ ሒሳብ የጨመርሽው ሪፖርቱ እየሠራ ሳለ ከነበረም አስነሺው። የሚሠራ ፕሮሰስ አዲስ ግሩፕ አያይም፤ /ፕሮክ ስር ያለው የስታተስ ፋይሉ ውስጥ «ግሩፕስ» የሚለውን መስመር አይተሽ የሒሳብ ቁጥር መኖሩን አረጋግጪ።

ፋይሉን /ቲኤምፒ ውስጥ ለማስቀመጥ ካሰብሽ ደግሞ ተዪው። ከከርነል 4.19 ጀምሮ «ፕሮቴክትድ_ሬጉላር» የሚባል መከላከያ አለ። ሲበራ፣ ለሁሉም በተከፈተና ስቲኪ ቢት ባለው ዳይሬክተሪ ውስጥ የሌላ ሰው የሆነን ፋይል ከኦ_ክሪኤት ጋር የሚከፍት 13 ይመለስለታል፤ የፋይሉ ፈቃድ 0666 ቢሆንም፣ ሩት ቢሆንም። ሩት 13 ሲያይ ግራ የማይጋባ የለም።

ቀይ_መስመር፦

ወደ ሁለተኛው ልምጣ፣ ምክንያቱም ድርብ የደረሰኝ ቁጥር ከሦስቱ ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ጥፋቱ «አረጋግጥ» ውስጥ ነው፤ በተለይ ኤፍ-ክሎዙ።

በኤፍ_ሴትኤልኬ እና በኤፍ_ሴትኤልኬደብልዩ የሚያዝ ሎክ የዲስክሪፕተር አይደለም። የፕሮሰሱና የአይኖዱ (ከስሙ የተለየው፣ በዲስክ ላይ ያለው የፋይሉ ማንነት) ጥምር ነው። ሕጉ ደግሞ ጨካኝ ነው፦ ፕሮሰሱ ወደዚያ ፋይል ከሚያመለክቱ ዲስክሪፕተሮቹ አንዱን፣ የትኛውንም፣ ከዘጋ በዚያ ፋይል ላይ የያዘው ሎክ ሁሉ ይለቀቃል። ሎኩ የተያዘው በዲስክሪፕተር 3 ሆኖ የተዘጋው 7 ቢሆንም። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ኤርኖ የለም።

ስትሬስን (የሲስተም ኮል ጥሪዎችን የሚያሳየውን መሣሪያ) ልጆችን እንዲከታተል አድርገሽ ብታስነሺው የአንዱ ልጅ ቅደም ተከተል እንዲህ ይወጣልሻል፦

ኤፍ-ኮንትሮል በ3፣ የመጻፍ ሎክ፦ 0
ኦፕንአት፣ «ተራ» ለማንበብ፦ 7
ሪድ ከ7፦ 8 ባይት
ክሎዝ 7፦ 0
ራይት ወደ 3፦ 8 ባይት
ኤፍ-ኮንትሮል በ3፣ መልቀቅ፦ 0

አራተኛው መስመር ላይ ሎኩ ሄዷል። ከዚያ እስከ አምስተኛው ባለው ክፍተት ውስጥ ተኝቶ ሲጠብቅ የነበረው ሌላው ልጅ ነቅቶ አሮጌውን ቁጥር ያነባል። ስድስተኛው መስመርም 0 ነው የሚመልሰው፤ ያልያዙትን ሎክ መልቀቅ ስሕተት አይደለም። ለዚህ ነው የመለሰውን ዋጋ ብቻ እያየሽ ያላገኘሽው። ሎኩ መኖሩን በዓይን ለማየት /ፕሮክ/ሎክስን አንብቢ፤ ከክሎዙ በፊት የፕሮሰስሽ ቁጥር ያለበት «ፖዚክስ» የሚል መስመር አለ፣ ከክሎዙ በኋላ ይጠፋል።

ቀላሉ መድኃኒት፦ ሎክ ይዘሽ ሳለ ያንኑ ፋይል ዳግም አትክፈቺ። «አረጋግጥ» ዲስክሪፕተሩን በአርጊውመንት ይቀበልና በፒ-ሪድ ከኦፍሴት (በፋይሉ ውስጥ ካለው ቦታ) 0 ላይ 8 ባይት ያንብብ። ለመጻፍም ፒ-ራይት። ይህ ሌላም ችግር ያስወግድልሻል፤ ዋናው ፕሮሰስ ከፎርክ በፊት ስለከፈተው አራቱ ልጆች አንድ ኦፍሴት ይጋራሉ፣ አንዱ ሪድ ሲያደርግ የሁሉም ጠቋሚ ይንቀሳቀሳል። ፒ-ሪድና ፒ-ራይት ጠቋሚውን አይነኩም።

ሁለት ቼክ ጨምሪ። የሎኩን ስትራክት በሙሉ በዜሮ ሞልተሽ ኤል_ታይፕን (የሎኩን ዓይነት) መሙላት ከረሳሽ፣ ሊኑክስ በኤክስ86 ላይ 0 ማለት ኤፍ_አርዲሎክ ነው፣ የማንበብ ሎክ። አራቱም ልጆች በአንድ ጊዜ ይይዙታል፣ ኤፍ-ኮንትሮልም 0 ይመልሳል። ኤል_ሌን (የሚቆለፈው ርዝመት) 0 ማለት ደግሞ «ምንም» ሳይሆን እስከ ፋይሉ መጨረሻና ከዚያም በኋላ ለሚጨመረው ሁሉ ነው፤ ለአንቺ የሚስማማው እሱ ነው።

ሪፖርቱ የማንበብ ሎክ ይያዝ፤ ለማንበብ ብቻ በተከፈተ ዲስክሪፕተር የመጻፍ ሎክ ከጠየቀ ኤርኖ 9 ነው። ሲጨርስ ቶሎ ይልቀቅ፤ የማንበብ ሎክ ይዞ የተኛ ሪፖርት አራቱንም ጸሐፊዎች ያቆማቸዋል።

ኤፍ_ሴትኤልኬደብልዩ ተኝቶ ሲጠብቅ ሃንድለር ያለው ሲግናል ከመጣ -1 እና ኤርኖ 4 ሊመልስ ይችላል። ያን ሳታዪ ወደ መጻፍ ካለፍሽ ሎክ ሳይኖርሽ ነው የጻፍሽው። 4 ከሆነ መልሰሽ ጠይቂ።

ቅደም ተከተሉን ደግሞ አጥብቂው፦ ፒ-ራይት፣ ኤፍ-ዳታ-ሲንክ (የተጻፈውን ዲስክ ላይ የሚያደርሰው)፣ ሎክ መልቀቅ፣ ከዚያ ነው ቁጥሩ ለደንበኛው የሚሰጠው። ቁጥሩን ከሲንኩ በፊት ሰጥተሽ መብራት ቢጠፋ፣ ማሽኑ ሲነሣ ያው ቁጥር ሁለተኛ ይወጣል።

አዲስ_ሼል፦

በኤፍ-ኮንትሮል ፋንታ ኤፍ-ሎክ የሚባለውን ሲስተም ኮል ብትጠቀምስ? እሱ በሌላ ዲስክሪፕተር መዘጋት አይለቀቅም።

ቀይ_መስመር፦

ያልከው ልክ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ማወቅ አለባት። አንደኛ፣ በሊኑክስ ላይ በዲስክ ባለ ፋይል ሲስተም ኤፍ-ሎክና የኤፍ-ኮንትሮል ሎክ አይተያዩም። ሰርቪሱ ወደ ኤፍ-ሎክ ተቀይሮ ሪፖርቱ በኤፍ-ኮንትሮል ከቀረ ሁለቱም ሎክ ይዘናል ብለው እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሁለተኛ፣ ኤፍ-ሎክ ፋይሉን በሙሉ እንጂ የባይት ክልል አይዝም፤ ለዚህ ሥራ ያ ችግር አይደለም።

እኔ የምመርጠው ኤፍ_ኦኤፍዲ_ሴትኤልኬደብልዩን ነው። ከከርነል 3.15 ጀምሮ አለ፣ በፖዚክስ 2024 እትምም ገብቷል። ሎኩ የሚታሰረው ከፕሮሰሱ ጋር ሳይሆን ኦፕን ሲጠራ ከርነሉ ከሚፈጥረው የክፍት ፋይል መዝገብ ጋር ነው፤ ስለዚህ የ7 መዘጋት የ3ን ሎክ አይነካም፣ ትሬዶችም አንዱ ሌላውን በሎክ ማገድ ይችላሉ። ከሄደር ፋይሎቹ ሁሉ በፊት _ግኑ_ሶርስን ዲፋይን አድርጊ፣ ኤል_ፒድን (የፕሮሰስ ቁጥር የሚገባበትን) 0 አድርጊ፤ 0 ካልሆነ ኤርኖ 22 ነው።

አሁን ግን የሚያስፈራውን ልንገርሽ። ፎርክ ያንን መዝገብ ለልጆቹ ያጋራል። ኮድሽ እንዳለው ዋናው ፕሮሰስ ከፎርክ በፊት ከፍቶ ወደ ኦኤፍዲ ብትቀይሪ፣ አራቱ ልጆች አንድ መዝገብ፣ ስለዚህ አንድ ሎክ አላቸው። የአንዱ የሁሉም ነው፣ ማንም ማንንም አያግድም፣ ድርብ ቁጥሩም አልፎ አልፎ መሆኑ ቀርቶ በየደቂቃው ይሆናል። ኤፍ-ሎክም በዚህ እንደዚሁ ነው። ዱፕ (ዲስክሪፕተሩን ማባዛት) አያድንም፤ ያው መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከፎርክ በኋላ በራሱ ኦፕን መክፈት አለበት።

ደግሞም በአሮጌው ዓይነት፣ ሁለት ፕሮሰሶች የማንበብ ሎክ ይዘው ሁለቱም ወደ መጻፍ ልቀይር ቢሉ ከርነሉ መቆላለፉን (ሁለቱ እየተጠባበቁ መቆማቸውን) አይቶ ለአንዱ ኤርኖ 35 ይሰጣል። በኦኤፍዲ ይህ ፍተሻ የለም፤ ሁለቱም እንደተኙ ይቀራሉ። ከመጀመሪያው የመጻፍ ሎክ ያዢ፣ «አንብቤ ከዚያ ላሳድገው» አይሁን።

ፍላግ_ቆጣሪ፦

ሦስተኛው አጭር ነው። ሁለት ዓይነት ፍላግ አለ፣ ቤታቸውም ለየቅል ነው። ክሎኤግዜክ የዲስክሪፕተሩ ነው፤ በኤፍ_ጌትኤፍዲና በኤፍ_ሴትኤፍዲ ይነበባል ይጻፋል፣ ስሙም ኤፍዲ_ክሎኤግዜክ ነው። አፔንድ፣ ኖንብሎክና መሰሎቹ ግን ቀይ_መስመር በጠቀሰው የክፍት ፋይል መዝገብ ላይ ናቸው፤ ኤፍ_ሴትኤፍኤል የሚነካው እነሱን ነው። ሊኑክስ ላይ ኤፍ_ሴትኤፍኤል የሚቀይረው አምስት ብቻ ነው፦ አፔንድ፣ ኤሲንክ፣ ዳይሬክት፣ ኖኤታይም፣ ኖንብሎክ። የቀረውን በዝምታ ጥሎ 0 ይመልሳል። ለማንበብ የተከፈተን ፋይል በዚህ ወደ መጻፍ መቀየርም አይቻልም፤ ያንንም በዝምታ ነው የሚያልፈው።

ኤፍ_ሴትኤፍኤል ደግሞ ይተካል እንጂ አይጨምርም። መጀመሪያ በኤፍ_ጌትኤፍኤል ያለውን አንብቢ፣ የምትፈልጊውን ቢት በኦር ጨምሪበት፣ ከዚያ መልሰሽ ስጪ። ኖንብሎክን ብቻ የሰጠ ሰው አፔንድን አብሮ አጥፍቷል።

ለአንቺ ትክክለኛው ቦታ ግን ኦፕን ራሱ ነው፤ ኦ_ክሎኤግዜክን እዚያው ስጪ። ኦፕንና ኤፍ_ሴትኤፍዲ ሁለት ጥሪዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ሌላ ትሬድ ፎርክና ኤግዜክ ካደረገ ዲስክሪፕተሩ አምልጧል። «አረጋግጥ» ዓይነት ኮድ ውስጥ ኤፍ-ኦፕን የምትጠቀሚ ከሆነ በግሊብሲ (የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ) ሞዱ ላይ «ኢ» የምትለዋን ፊደል መጨመር ያንኑ ይሠራል።

32770ን በተመለከተ፦ 32768 ሲደመር 2 ነው። 2ቱ ኦ_አርዲደብልዩአር ነው። 32768 በስምንት ቤት 0100000፣ ትልቅ ፋይል የሚባለው ፍላግ፤ በ64 ቢት ኤክስ86 ላይ ከርነሉ ራሱ ይጨምረዋል። ስለዚህ በእኩል ነው ምልክት አታወዳድሪ፣ መጀመሪያ በኦ_አክሞድ አጣሪው፣ ዋጋው 3 ነው። ኦ_አርዲኦንሊ 0 ስለሆነም «ይህ ቢት አለ ወይ» ብሎ መፈተሽ ለእሱ አይሠራም፤ ከተጣራ በኋላ 0 መሆኑን ነው የምታዪው።

ባለተርሚናሏ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ፈቃዱ 0640፣ ዳይሬክተሪው 2750 ሆኗል። ልጆቹ ከፎርክ በኋላ በየራሳቸው ይከፍታሉ፣ ሎኩ ኦኤፍዲ፣ «አረጋግጥ» በፒ-ሪድ። 4 ልጆች እያንዳንዳቸው 100000 ቁጥር እንዲወስዱ አድርጌ ሳስሮጥ የመጨረሻው ቁጥር ልክ 400000 ወጣ፣ የተደገመም የለም። /ፕሮክ/ሎክስ ላይ ግን መስመሩ የፕሮሰስ ቁጥር ሳይሆን -1 ያሳያል፤ ትክክል ነው?

አንድ ነገር ላክል። ግማሽ የተጻፈ 8 ባይት እንዳይኖር አዲሱን ቁጥር በጊዜያዊ ፋይል ጽፌ በሪኔም «ተራ» ላይ ልተካው አሰብኩ።

ቀይ_መስመር፦

-1 ትክክል ነው፤ የኦኤፍዲ ሎክ የአንድ ፕሮሰስ ስላልሆነ የሚጻፍለት ቁጥር የለም።

ሪኔሙን ሎክ የምትይዢበት ፋይል ላይ አታድርጊው። ሎኩ ያለው አይኖዱ ላይ እንጂ ስሙ ላይ አይደለም። አንዱ ልጅ ሪኔም ሲያደርግ «ተራ» የሚለው ስም ወደ አዲስ አይኖድ ይዞራል፤ ሦስቱ ልጆች ግን ስም ያጣውን አሮጌ አይኖድ እንደያዙ ናቸው። እዚያው ተሰልፈው ይቆለፋሉ፣ እዚያው ይጽፋሉ፣ ሪፖርቱ ደግሞ ሌላ ፋይል ያነባል። አዲሱ ፋይል ፈቃዱንም ከአሮጌው አይወርስም፤ ጊዜያዊው በ0600 ከተፈጠረ ሪፖርቱ በዚያው ቅጽበት 13 ያያል።

የግድ ሪኔም ካስፈለገሽ «ተራ.ሎክ» የሚል የማይተካና የማይሰረዝ ባዶ ፋይል ለብቻው ፍጠሪ፣ በ0640። ጸሐፊዎቹ የመጻፍ ሎኩን፣ ሪፖርቱም የማንበብ ሎኩን እሱ ላይ ይያዙ። «ተራ»ን ሎኩን ከያዝሽ በኋላ በስሙ ክፈቺ፣ ሎኩን ከመልቀቅሽ በፊት ዝጊ። ቅደም ተከተሉም፦ ጊዜያዊው እዚያው ዳይሬክተሪ ውስጥ ይጻፍ፣ ኤፍ-ሲንክ ይደረግበት፣ ሪኔም፣ ከዚያ ዳይሬክተሪውን ራሱን ከፍተሽ ኤፍ-ሲንክ። ለ8 ባይት ግን አሁን ያለሽ ፒ-ራይትና ኤፍ-ዳታ-ሲንክ ይበቃል፤ በአንድ የዲስክ ብሎክ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው፣ አንባቢውም የማንበብ ሎክ ሳይዝ አይገባም።